የጠፋው ባይት፦ የተከታታይ ወደብ ነጂ ሶፍትዌር ከእትም ወደ እትም እንዴት ይታረማል?

በአንድ ቤተ ሙከራ የሚገኝ ዲጂታል ሚዛን ከኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ የአንድን ናሙና መጠነ ቁስ በየጊዜው ይልካል እንበል። ሚዛኑ የላከው «12.47» የሚል አምስት ቁምፊዎች ያሉት ንባብ ነው። ከእነዚህ ቁምፊዎች ነጥቧ ብትጠፋ ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው «1247» ይሆናል። ስሕተቱ ጎልቶ ስለሚታይ ተማሪው ወዲያውኑ ይነቃበታል። የመጀመሪያው «1» ቢጠፋ ግን የሚመዘገበው «2.47» ነው። ይህ ቁጥር ማንንም አያስደነግጥም፤ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ አማካይ ውስጥ ይገባል፣ በግራፉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል፣ በመጨረሻም የጥናቱን መደምደሚያ ያዛባል።

እንዲህ ላለው ጥፋት ተጠያቂው ሁልጊዜ ሚዛኑ ወይም ሽቦው አይደለም። በመሣሪያውና በተጠቃሚው ፕሮግራም መካከል ነጂ ወይም ድራይቨር የሚባል ሶፍትዌር አለ። የዚህ ሶፍትዌር ተግባር ከወደቡ የሚመጡትን ባይቶች ሳያጎድልና ቅደም ተከተላቸውን ሳያፋልስ ለፕሮግራሙ ማስረከብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሲሪያል ፖርት በመባል የሚታወቀው ተከታታይ ወደብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ነጂው ለምን ባይት እንደሚያጎድል፣ እንዲሁም አንድ ነጂ ከእትም ወደ እትም እየታረመ እንዴት እንደሚሻሻል እንመለከታለን።

ጉዳዩ ያረጀ ሊመስል ይችላል፤ ዘጠኝ ፒን ያለው ማያያዣ ከአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ጠፍቷልና። ሆኖም የጂፒኤስ መቀበያዎች፣ የቤተ ሙከራ መለኪያዎች፣ የኔትወርክ ራውተሮችና እንደ አርዱዊኖ ያሉ የተማሪ ሰሌዳዎች ዛሬም በዚሁ ስልት ይነጋገራሉ፤ በብዙዎቹ ዘንድ የተለወጠው በመካከል የዩኤስቢ መቀየሪያ መግባቱ ብቻ ነው።

ቢቶች አንድ በአንድ ሲጓዙ

አርኤስ-232 የተባለው የተከታታይ ግንኙነት ደረጃ በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚህ ስልት የአንድ ቁምፊ ቢቶች ጎን ለጎን ሳይሆን በአንድ ሽቦ ላይ እየተከታተሉ ይጓዛሉ። በተለመደው አሠራር አንድ መነሻ ቢት፣ ስምንት የመረጃ ቢቶችና አንድ መዝጊያ ቢት ይላካሉ። ስለዚህ ለአንድ ቁምፊ 10 ቢት ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በሰኮንድ 9,600 ቢት ከሆነ በሰኮንድ 960 ቁምፊዎች ያልፋሉ፤ ይህም ለአንድ ቁምፊ 1.04 ሚሊሰኮንድ ማለት ነው። ፍጥነቱ 115,200 ሲሆን ግን በሰኮንድ 11,520 ቁምፊዎች ይደርሳሉ፤ በሁለት ቁምፊዎች መካከል ያለው ጊዜም ወደ 87 ማይክሮሰኮንድ ይወርዳል።

ቢቶቹን ሰብስቦ ባይት የሚያደርገው ዩአርት የሚባል ቺፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ግላዊ ኮምፒዩተር የተጠቀመው 8250 የተባለውን የናሽናል ሴሚኮንዳክተር ቺፕ ነበር። ይህን ቺፕ አንድ ወንበር ብቻ ባለው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ልንመስለው እንችላለን። እንግዳ ሲደርስ ቺፑ ደወል ይደውላል፤ ይህ ደወል በኮምፒዩተር ቋንቋ ኢንተራፕት ይባላል። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ በነጂው አማካይነት እንግዳውን ይቀበላል። ፕሮሰሰሩ በሌላ ሥራ ተጠምዶ ከዘገየ ግን ቀጣዩ እንግዳ መጥቶ የተቀመጠውን ያስነሣዋል። የተነሣው እንግዳ ተመልሶ አይገኝም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ብዙዎች የሚተማመኑበት የፓሪቲ ቢት ከዚህ ጥፋት የማያድን መሆኑ ነው። ፓሪቲ የሚመረምረው በደረሰ ቁምፊ ውስጥ የተለወጠ ቢት መኖሩን እንጂ ከነጭራሹ የጠፋ ቁምፊ መኖሩን አይደለም። ቺፑ ቁምፊ ሲደረብበት በሁኔታ መዝገቡ ውስጥ አንዲት የማስጠንቀቂያ ቢት ከፍ ያደርጋል። ነጂው ያችን ቢት አንብቦ ካልቆጠራት ጥፋቱ ያለ ምስክር ይቀራል።

ቺፑ ሲለወጥ ነጂው የግድ ይለወጣል

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው 16550 የተባለው ቺፕ ሲሆን፣ 16 ቁምፊዎችን በተራ የሚያቆይ ፊፎ የሚባል ማቆያ ነበረው። በምሳሌያችን አነጋገር ወንበሮቹ 16 ሆኑ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው 16550 ማቆያው እንከን ስለነበረበት አስተማማኝ ሆኖ ሊሠራበት አልቻለም፤ እንከኑ የታረመው 16550ኤ በተባለው ተከታይ ቺፕ ነው። ስለሆነም ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ፣ በጠባይ ግን የሚለያዩ ቺፖች በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ገቡ።

ነጂው ቺፑን ከፍቶ ስሙን ማንበብ አይችልም። መጠየቅ ግን ይችላል። በመጀመሪያ ማቆያው እንዲሠራ ያዝዛል፤ ቀጥሎ የኢንተራፕት መለያ መዝገቡን ሁለት ከፍተኛ ቢቶች ያነባል። ሁለቱም 1 ከሆኑ ማቆያው ደኅና ነው። ከፍተኛው ብቻ 1 ከሆነ ቺፑ እንከን ያለበት 16550 ነው። ሁለቱም 0 ከሆኑ ቺፑ ማቆያ የሌለው የቀድሞ ዓይነት ነው። የሊኑክስ ነጂ ይህንኑ ምርመራ ያካሂዳል፤ እንከን ያለበትን 16550 ሲያገኝም የማቆያውን መጠን 16 ሳይሆን 1 አድርጎ ይይዘዋል። በሌላ አነጋገር ቺፑ ያለውን ሳይሆን የሚታመንበትን ብቻ ይጠቀማል።

ማቆያው ደኅና ቢሆንም ምርጫው አያበቃም። ደወሉ 1፣ 4፣ 8 ወይም 14 ቁምፊዎች ሲጠራቀሙ እንዲደወል ማድረግ ይቻላል። በ115,200 ፍጥነት በእያንዳንዱ ቁምፊ ቢደወል ፕሮሰሰሩ በሰኮንድ 11,520 ጊዜ ይቋረጣል። በ14 ቢደወል መቋረጡ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የቀሩት ወንበሮች 2 ብቻ ስለሆኑ ማቆያው በ174 ማይክሮሰኮንድ ገደማ ይሞላል። የሊኑክስ ነጂ ለ16550ኤ የመረጠው 8ን ነው፤ በሰኮንድ 1,440 መቋረጥ፣ ማቆያው እስኪሞላም 694 ማይክሮሰኮንድ ያህል ፋታ። ከ8 ያነሱ ቁምፊዎች ቀርተው መስመሩ ጸጥ ቢልስ? ቺፑ የአራት ቁምፊ ያህል ጊዜ ጠብቆ በራሱ ይደውላል። የመጨረሻው ንባብ በማቆያው ውስጥ ተረስቶ የማይቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነጂ፣ ብዙ እትሞች

የሊኑክስ ነጂ ታሪክ ለትምህርት የተመቸ ነው፤ የአብዛኞቹ እትሞች ኮድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ተቀምጧልና። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነሉን የጀመረው ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ጋር በሞደም ለመገናኘት ከጻፈው ፕሮግራም ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው እትም 0.01 ሁለት ወደቦችን ብቻ፣ በተወሰኑ አድራሻዎች ብቻ ያውቅ ነበር፤ ወደቦቹንም በሰኮንድ 2,400 ቢት ፍጥነት ያስነሣ ነበር። ከጀርባው የነበረው ግምት «የሁሉም ሰው ኮምፒዩተር እንደ እኔው ነው» የሚል ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ግምት አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1992 ቴዎዶር ጾ ነጂውን በስፋት እንደገና ሲጽፈው የኢንተራፕት መስመሮችና የወደቦቹ ጠባያት ከርነሉ እየሠራ ሳለ ሊለወጡ የሚችሉ ሆኑ። ቀጥሎ የተፈተነው «ዩአርት ማለት የ8250 ቤተሰብ ነው» የሚለው ግምት ነበር። ሊኑክስ ወደ ሌሎች ፕሮሰሰሮች ሲሻገር የተለያየ ዓይነት ዩአርት አጋጠመው፤ ያው ኮድ በየነጂው እየተገለበጠ ስለነበር በአንዱ የታረመው ስሕተት በሌላው ይቀር ነበር። ራስል ኪንግ ለሁሉም የጋራ የሆነውን ክፍል ከቺፑ የተለየ ክፍል ለይቶ አዋቀረው፤ ይህም አደረጃጀት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በወጣው እትም 2.6 ውስጥ ተካተተ።

ቀጣዩ ችግር ከቺፑ በላይ ባለው ንብርብር የታየ ነው። ከነጂው የሚመጡት ባይቶች ሁለት ባለ 512 ባይት ማቆያዎችን በየተራ ይጠቀሙ ነበር፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይራገፋል። ለሞደም በቂ የነበረው ይህ ዘዴ ፍጥነት ሲጨምር ሊያጎድል ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው እትም 2.6.16 የአለን ኮክስ ሥራ ቋሚውን ማቆያ እንደ አስፈላጊነቱ በሚያድግ ማቆያ ተካው።

«ቺፑ ሰነዱ የሚለውን ይፈጽማል» የሚለው ግምትም አልጸናም። አንዳንድ ዩአርቶች የመላኪያ ክፍላቸው ባዶ ሲሆን መደወል ሲገባቸው ዝም ይላሉ፤ ነጂው ደወል እየጠበቀ፣ ቺፑ ሥራ እየጠበቀ ሁለቱም ይቆማሉ። የተሰጠው መፍትሔ ወደቡ ሲከፈት ቺፑን መፈተን ነው፤ ካልደወለ ነጂው በጊዜ ቆጣሪ እየተመላለሰ ራሱ ያየዋል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በወጣው እትም 6.12 ደግሞ ለጊዜ ጥብቅ ለሆኑ ሥራዎች የሚያገለግለው የእውነተኛ ጊዜ አሠራር ከዋናው ከርነል ጋር ተዋሐደ። ከመጨረሻዎቹ መሰናክሎች አንዱ ከርነሉ መልእክቶቹን የሚያትምበት ኮድ ነበር። ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል፦ 80 ቁምፊ ያለው አንድ መስመር በ115,200 ፍጥነት በተከታታይ ወደብ እስኪወጣ 7 ሚሊሰኮንድ ገደማ ይፈጃል። በማይክሮሰኮንድ ለሚለካ ሥራ ይህ እጅግ ረጅም ጊዜ ነው።

ማረም የሙከራ ሥራ ነው

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዐቢይ ነገር አለ። አዲሱ እትም የቀድሞው ጸሐፊ ሰነፍ እንደነበረ ማስረጃ አይደለም። የሚታረመው በአብዛኛው ለዘመኑ ትክክል የነበረ፣ ነገር ግን ዘመኑ ያለፈበት ግምት ነው። ስለዚህ ጥሩ አራሚ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው መስመር ተሳሳተ?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ኮድ ምን ገምቶ ተጻፈ? ግምቱስ ዛሬ ይሠራል?» ብሎ ነው።

በተቃራኒው ትርጉሙ ያልገባንን መስመር «ትርፍ ነው» ብሎ መሰረዝ አደገኛ ነው። እንከን ያለበትን 16550 ለይቶ ማቆያውን የሚዘጋው ኮድ ያንን ቺፕ ላላየ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ መስመር ግን አንድ ሰው አንድ ቀን ያየውን የተፈጥሮ ሳይሆን የሃርድዌር ጠባይ የመዘገበበት ማስታወሻ ነው። ለዚህም ነው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የለወጡበትን ምክንያት መጻፍ፣ ከዚያም በአሮጌዎቹ ቺፖች ላይ ደግሞ መፈተን የሚያስፈልገው፤ አንዱን የፈወሰ እርማት ሌላውን ሊያሳምም ይችላልና።

በእጃችሁ ሞክሩት

ተማሪዎች የራሳቸውን ወደብ በቀላል ሙከራ መመርመር ይችላሉ። በዘጠኝ ፒን ማያያዣ ላይ ፒን 2 የመቀበያ፣ ፒን 3 የመላኪያ ነው፤ ሁለቱን በአጭር ሽቦ ስታገናኙ ወደቡ የላከውን መልሶ ይሰማል። ነገር ግን የአርኤስ-232ን ሽቦ በቀጥታ ከአርዱዊኖ ፒኖች ጋር እንዳታገናኙ፤ የአርኤስ-232 ቮልቴጅ ወደ ኔጌቲቭም ስለሚወርድና ከ5 ቮልት በላይም ሊሆን ስለሚችል ሰሌዳውን ያቃጥላል።

ከ0 እስከ 255 ያሉትን ባይቶች በቅደም ተከተል 1,000 ጊዜ ላኩ። በድምሩ 256,000 ባይት ሲሆን በ115,200 ፍጥነት ወደ 22 ሰኮንድ ይፈጃል። የደረሰውን ከተላከው ጋር አነጻጽሩ። ከዚያም ትልቅ ፋይል እየገለበጣችሁ፣ ቀጥሎም በ9,600 ፍጥነት ድገሙት። አንድም ባይት ካልጠፋ «ስሕተት የለም» ብላችሁ አትደምድሙ። ጥፋቶቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር የምትችሉት የጥፋቱ መጠን በ256,000 ከ3 አይበልጥም ብላችሁ ነው። በእውነቱ ግን ጥፋቶች ፕሮሰሰሩ በሚጨናነቅበት ጊዜ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ሙከራው በሥራ ብዛት ውስጥ መደገም አለበት።

ከመሣሪያ መረጃ ስትሰበስቡ ደግሞ ከውጤቱ ጎን የከርነሉን እትም፣ የወደቡን ፍጥነትና ነጂው የቆጠራቸውን የመደረብ ስሕተቶች ብዛት መዝግቡ። መሣሪያው የማረጋገጫ ድምር የሚልክ ከሆነ አስሉት፤ ድምሩ ያልገጠመን ንባብም ጣሉት። የተሻለ ነጂ የጥፋትን ዕድል ያሳንሳል፤ «2.47» የተባለው ቁጥር በእርግጥ «2.47» መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት ግን የሚለካው ሰው ነው።