ሴት ስትታሰር ስንቁን ማን ያመላልሳል?

ባል ሲታሰር ስንቅ ቋጥራ ማረሚያ ቤት ደጃፍ የምትሰለፈው ሚስት ናት። ሚስት ስትታሰር ግን ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በእናቷ ወይም በእህቷ ላይ ይወድቃል፤ እነሱ ከሌሉ ጠያቂም የለም። ስለ ሴት ታራሚዎች የአእምሮ ጤና ስንነጋገር ከመድኃኒትም በፊት መነሳት ያለበት ይህ ነው ባይ ነኝ። በሰሜን ምዕራብ አማራ ማረሚያ ቤቶች ተካሂዶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከየ19 ታራሚዎች ከ8 በሚበልጡት ላይ ድብርት አግኝቷል። በ24 አገሮች 33,588 እስረኞችን የሸፈነ የ2012 እ.ኤ.አ. ክለሳ ደግሞ ከባድ ድብርት በወንዶች 10.2፣ በሴቶች 14.1 በመቶ መሆኑን ያሳያል። አለካካቸው ስለሚለያይ ሁለቱን ጥናቶች ማወዳደር አይገባም፤ የሴቶቹ ሸክም መክበዱ ግን ግልጽ ነው።

በባሌ ዞን ደግሞ ታራሚን ለመጠየቅ ርቀቱ ራሱ ፈተና ነው። ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከደሎ መና ወደ እነዚህ ከተሞች ለጥየቃ የሚነሳ ዘመድ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ማቋረጥ አለበት። ትራንስፖርቱ ገንዘብ፣ መንገዱ ቀን ይበላል፤ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ማን ማሳውን ጥሎ ይመጣል? በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የባንኮክ ደንቦች ሴቶች በተቻለ መጠን ለቤታቸው ቅርብ በሆነ ቦታ እንዲታሰሩ የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በቤተሰብና በሐኪም መጎብኘትን የታሳሪ መብት አድርጎታል።

ስፌቱ፣ ቡናው፣ ጸሎትና ሶላቱ ሴት ታራሚዎቹን ያጽናኗቸዋል የሚል አለ። እውነት ነው፣ ሊናቅም አይገባም። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች አንዷ ስትበደል ሲንቄ በትራቸውን ይዘው አብረው የሚወጡበት ባህል ባለበት አገር የሴቶችን መደጋገፍ ጉልበት ማስረዳት አያሻም። ነገር ግን የእስር ጓደኛ «ልጆቼ ማን ጋ አደሩ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የላትም። ደግሞም በድብርት የተያዘች ሴት ዝም ትላለች፣ ማንንም አታስቸግርም፤ ዝምታዋም ጨዋነት ተብሎ ይታለፋል።

ነፃው ሰው ያላገኘውን ሕክምና ለጥፋተኛ? የሚል ጥያቄም ይነሳል። ፍርድ ቤት የወሰደባት ነፃነቷን እንጂ ጤናዋን አይደለም። አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም፤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል እዚያው ጎባ ነው። አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በየሳምንቱ ቢመላለስ፣ ጠያቂ የሌላት ሴት ተለይታ ብትመዘገብና ለልጆቿ ስልክ ብትደውል ብዙ ይቃለላል። እህትህ ታስራ አፍረህ የቀረህ ወንድም ደግሞ የማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንን አትጠብቅ፤ ልጆቿን ይዘህ ሂድ።