ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚጠፋው ነገር

ሰው ያስታመማችሁ ሁሉ ዋርድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የሌሊት ተረኞች ዓይናቸው ቀልቶ ለመውጣት ይቻኮላሉ፤ የቀን ተረኞች ጋዋናቸውን እየቆለፉ ይገባሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ትወለውላለች፤ አስታማሚዎች ፔርሙዝና ምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ ከጥበቃው ጋር ይከራከራሉ። በዚህ ግርግር መካከል ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ሥራ ይሠራል፤ ርክክብ ይባላል። ሌሊቱን ከታማሚው ጋር ያደረው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ለቀኑ ሰው ያስረክባል።

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ታማሚን ከአደጋ የሚጠብቀው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ከመድኃኒቱ ቀጥዬ የማነሣው ይህንን ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን ያወቅሁት በትምህርት ሳይሆን በራሴ ጥፋት ነው።

አልጋ ቁጥር 9

ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በአንድ ሆስፒታል የሴቶች የውስጥ ደዌ ዋርድ ሄድ ነርስ ሆኜ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። 28 አልጋ ነበረን፤ ቀን አራት፣ ሌሊት ሁለት ነርሶች ይመደባሉ። አልጋ 9 ላይ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ተኝተዋል። ሴት ልጃቸው ከአጠገባቸው አትለይም።

የዚያን ዕለት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሌሊቷ ነርስ ኢንሱሊናቸውን ሰጠቻቸው። ቅጹ ላይ ልትጽፍ ስትል ከድንገተኛ ክፍል አዲስ ታማሚ በቃሬዛ መጣ። ወደዚያ ሮጠች፤ በዚያው ሳትጽፍ ቀረች። 2 ሰዓት ላይ ተረካከብን። የት? ነርሶች ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ከበን፣ ሻይ ይዘን። «አልጋ 9 ደህና አድረዋል» ተባለ፤ ወደሚቀጥለው አለፍን። የዕለቱ መርፌ የደረሳት የቀን ነርስ ቅጹን ስታይ ቦታው ባዶ ነው። ኢንሱሊኑን ሰጠች።

3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጅቷ እየጮኸች መጣች። እናቷ በላብ ተጠምቀዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የገዛ ልጃቸውን ማን እንደሆነች አያውቋትም። ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ነበር። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ሰጠናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙም ሳይቆዩ ዓይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን በስሟ ጠሩ።

ነገሩን ስናጣራ ልጅቷ የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ሁለተኛዋ መርፌ ይዛ ስትመጣ ‹ቅድም ተወግታለች› ልላት ነበር። እነሱ ያውቃሉ ብዬ ዝም አልኩ።»

በዚያ ዋርድ ውስጥ ሁለቱንም መርፌ በዓይኗ ያየች እሷ ብቻ ነበረች። ማንም አልጠየቃትም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ወዲያው የመጣው ሐሳብ የሌሊቷን ነርስ ደመወዝ መቅጣት ነበር። ሳትጽፍ መሄዷ ጥፋት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለ28 ሰው ሁለት ሆነው ያደሩ ልጆች ናቸው። ርክክቡን ከታማሚው አርቄ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እሷን ቀጥተን ብናልፍ ኖሮ በሌላ ሌሊት በሌላ ነርስ ያው ነገር ይደገም ነበር። መጀመሪያ ለእናትየውና ለልጃቸው የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። ከዚያ ከባልደረቦቼ ጋር ቁጭ አልን።

አንድ ነገር በተለይ አስደነገጠን። በነርስነት ሁላችንም «ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» እየተባልን ነው ያደግነው። ሰው እንዲጽፍ የሚያስገድድ ጥሩ ሕግ ነው። የቀኗ ነርስ ግን ይህንኑ ሕግ አክብራ ነው የወጋቻቸው። ስለዚህ አንድ ሕግ ጨመርን፤ ቅጹ ባዶ ከሆነ ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂ። ታማሚውን፣ አስታማሚውን፣ ካስፈለገም ቤቷ የገባችውን ነርስ ደውለሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ርክክቡን ወደ አልጋው ማምጣት ነበር። የምትወጣውና የምትገባው ነርስ አብረው ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዳሉ። ታማሚዋ ማን እንደሆነች፣ በምን እንደተኛች፣ ሌሊቱን ምን እንደሆነች፣ ምን እንደተሰጣትና ምን እንደቀራት ይነጋገራሉ፤ የግሉኮሱን መስመርና የጀርባዋን ቆዳ በዓይናቸው ያያሉ። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ቢሰጥ 28 ደቂቃ ነው። ሌላ ሰው ሊሰማው የማይገባ ምስጢር ያለው ጉዳይ ብቻ ክፍል ውስጥ ይነገራል።

መጀመሪያ ተቃውሞ ነበር። «ሰርቪስ ያመልጠናል» አሉ የሌሊቶቹ፤ እውነታቸውን ነው። ሜትሮኗን ይዤ አስተዳደር ቢሮ ተመላልሼ የሰርቪሱ መነሻ በግማሽ ሰዓት እንዲገፋ አደረግን። ሰርቪስ ማስገፋት የነርስ ሥራ አይመስልም ይሆናል። ዋርድ መምራት ግን ግማሹ እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ ሰው በትክክል እንዲሠራ የሚከለክለውን ነገር ከመንገዱ ማንሣት።

በሥራ መከፋፈል፣ በሰው መከፋፈል

ሦስተኛው ለውጥ የሥራ ክፍፍሉ ነው። ያኔ አንዷ ለመርፌ፣ አንዷ ለሚዋጥ መድኃኒት፣ አንዷ ለቁስል፣ አንዷ ለሙቀትና ለደም ግፊት ልኬት ትመደብ ነበር። ሥራው ይፈጥናል፤ ሰው ሲያንስ ግድ የሚልበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ታማሚዋን በሙሉ የሚያውቃት ሰው አይኖርም። መርፌ የምትወጋዋ ቁርስ መብላቷን አታይም፤ ግፊት የምትለካዋ ላቧን ከመርፌው ጋር አታያይዘውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የታማሚ ኃላፊነት ግን ለብዙ ሰው ሲበተን የማንም ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ቀን ቀን ለእያንዳንዷ ነርስ ሰባት አልጋ ሰጠን። የሰባቱ ሰዎች መድኃኒት፣ ቁስል፣ ልኬትና ጭንቀት የእሷ ነው። ሌሊት ሁለት ብቻ ስለሚሆኑ ወደ አሮጌው ክፍፍል እንመለስ ነበር፤ ሁሉም ነገር ተሟልቶልን ነበር አልልም። ቢሆንም ቀን አንድ አስታማሚ «የእኛ ነርስ ማን ናት?» ሲል መልስ መስጠት ቻልን።

አዲስ ነገር አልፈጠርንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 የክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ልትረዳ የዘመተችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለአስተዳደር ሰጥታዋለች። የሐሳቧ ፍሬ ነገር፣ አንቺ እያለሽ የሚደረገው አንቺ በሌለሽበትም እንዲደረግ ማሰናዳት ነው። በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለነርሲንግ አገልግሎት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው።

ቤተሰብም ተረኛ ነው

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ነርስ እንድትሆኑ አይደለም። ሰው ስታስታምሙ እናንተም በፈረቃ ትሠራላችሁ። ቀን እኅት፣ ማታ ወንድም፣ እሑድ የአክስት ልጅ። ነርሶቹ ሲለዋወጡ የሚጠፋው ነገር እናንተም ስትለዋወጡ ይጠፋል። ስለዚህ የሚከተለውን ብታደርጉ ብዙ ይጠቅማችኋል።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ዋና አስታማሚ ይሁን። ሐኪሙ የሚናገረውን እሱ ይስማ፤ ለሌላው እሱ ያስተላልፍ። አምስት ሰው አምስት ጊዜ ሲጠይቅ አምስት ዓይነት ነገር ይዞ ይሄዳል።

ደብተርና እስክሪብቶ አልጋው አጠገብ ይኑር። የተሰጠው መድኃኒት፣ ሰዓቱ፣ የበሉት፣ የሸኑት፣ ያስመለሳቸው ይጻፍ። ተረኛ ሲቀየር ደብተሩ ለሚቀጥለው ይሰጥ።

ታማሚው ቤት ይወስደው የነበረውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ለነርሷ አሳዩ። ሳታሳዩ በድብቅ አትስጡ። የግሉኮሱንም መቆጣጠሪያ «ቶሎ ይለቅ» ብላችሁ አትንኩ።

መርፌ ወይም ክኒን ሲመጣ «ሲስተር፣ ይሄ የምን ነው?» በሉ። ቀደም ብሎ የተሰጠ ከመሰላችሁ ሳትፈሩ ተናገሩ። በትሕትና የጠየቀ ሰው ነርስን አልተዳፈረም፤ ረዳት ነው የሆናት። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

ቅር ያላችሁ ነገር ካለ መጀመሪያ ለዕለቱ ነርስ፣ ቀጥሎ ለዋርዱ ሄድ ነርስ፣ ከዚያ ለሜትሮኗ አቅርቡ። ኮሪደር ላይ መጮህ ጉዳዩን ሊፈታው ለሚችለው ሰው ሳያደርሰው ይቀራል።

ስትወጡም የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የቀጠሮውን ቀን፣ ምን ዓይነት ምልክት ሲታይ ሳትጠብቁ መመለስ እንዳለባችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ያው ነው። የግፊት ክኒን ጠዋት ልጅ ሰጥታ ሥራ ትሄዳለች፤ የቤት ሠራተኛዋ «እማማ አልዋጡም» ብላ ትደግማለች፤ እማማም ረስተውት ይውጣሉ። እኔም አሁን የግፊት መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት ደብተር ተንጠልጥሏል። ማታ ማታ የልጅ ልጄ ክኒኔን ከማምጣቷ በፊት መጀመሪያ ደብተሩን ታያለች። ቦታው ባዶ ሆኖ ካገኘችውም ዝም ብላ አትሰጠኝም። «አያቴ፣ ውጠሻል?» ብላ ትጠይቀኛለች።