የተወጠረ ገመድና የተንጠለጠለ ልብ

ባለፈው ሐሙስ ምሽት በክበባችን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ልማዱ ምዕራፍ በምዕራፍ ሲነበብ ቈይቶ አንባቢው መጽሐፉን እንዳጠፈ፥ በአንድ የአሥር አለቃና በባለቤቱ መካከል ክርክር ተነሣ። እርስዋ «የዛሬው ክፍል ውጥረት የበዛበት ነው» ስትል፥ እርሱ «ይህስ ልብ ሰቀላ እንጂ ውጥረት አይባልም» አለ። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው የሚሉም አልጠፉም። በመጨረሻ ፍርዱ ለእኛ ተሰጠ። እኛም በዚያው ምሽት መልስ በመስጠት ፈንታ «በሚመጣው እትም በቤተሰብ ዐምድ ጠብቁን» ብለን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ በመንገድ ባገኙን ቍጥር «ማን ረታ?» ይሉናል። ከሁለቱ ነገሮች አንደኛውን በገዛ ራሳቸው ላይ እንዳደረስንባቸው የገባን ዘግይቶ ነው።

ውጥረት «ወጠረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ከበሮ ይወጠራል፤ የክራር ጅማት ይወጠራል፤ ድንኳንም ይወጠራል። ለመወጠር የግድ ሁለት ወገን ያስፈልጋል። ካስማው ወደ ምድር፥ ምሰሶው ወደ ላይ ካልሳቡት አውታሩ ልል ነው። በዝናብ ወራት ድንኳን ተክሎ ያደረ ወታደር የቃጫ ገመድ ውሃ ሲጠጣ እንደሚያጥር፥ ማታ ላላ ካላደረጉትም ሌሊት ካስማውን ነቅሎ ድንኳኑን በተኙት ላይ እንደሚጥል ያውቃል። ገመዱን የነካው ሰው የለም፤ ምንም አዲስ ነገር አልደረሰም፤ ውጥረቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጨምሯል። የሰው ውጥረትም እንዲሁ ነው። ሁለት ፈቃዶች ወይም ሁለት ግዴታዎች አንዱን ሰው ወይም አንዱን ቤት ግራና ቀኝ ሲስቡት ይፈጠራል። ሰዓት የለውም፤ ዓመታት ሊቈይ ይችላል።

ልብ ሰቀላ ደግሞ ከ«ሰቀለ» የመጣ ነው፤ ልብ አንጠልጣይ የምንለውም ከዚያው ሐሳብ ነው። የተሰቀለ ዕቃ መያዣው ከበላዩ አንድ ብቻ ነው፤ ከበታቹ አየር ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ማን ከማን ጋር ተሳሳበ ሳይሆን ይወድቅ ይሆን ወይስ ይወርድ ይሆን፥ ደግሞስ መቼ? የሚለው ነው። መልሱ በመጣበት ቅጽበት ልብ ሰቀላው ያበቃል። ልጆች በእንቆቅልሽ ጨዋታ ይህን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። መልሱ የጠፋው ልጅ ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ግን ሀገሩን ተቀብሎ ወዲያው አይፈታም፤ በዚያ ሀገር ምን ምን እንዳደረገ እየዘረዘረ ያዘገየዋል።

የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ የተወደደው ሁለቱንም ስለያዘ ይመስለናል። በፊታውራሪ መሸሻና በባላገሮቻቸው መካከል ያለው ነገር ውጥረት ነው፤ አንዱ ለማስገበር፥ ሌላው እንቢ ለማለት ይስባል። ሰብለ ወንጌል ከአባትዋ ቤት ወጥታ በመነኵሴ ልብስ በዛብህን ፍለጋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ያለው ግን ልብ ሰቀላ ነው፤ ትደርስ ይሆን? መጽሐፉ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ሰውን ከሬዲዮው አጠገብ ይሰበስብ የነበረውም ይኸው ጥያቄ ነበር። ሐሙስ የተነበበው የመንገዱ ክፍል ስለሆነ ፍርዱ ለአሥር አለቃው ነው። ባለቤቱ ግን «ከቤት ብትወጣም ቤትዋ ወደ ኋላ ይስባታል እኮ» ብላ ተከራክራናለች፤ ይህንንም አንጥልም።

የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ከጠረጴዛ ሥር ስለ ተቀመጠ ፈንጂ አንሥቶ ነበር። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ ድንጋጤው የጥቂት ሴኮንዶች ነው፤ አስቀድሞ ካወቀ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚወራው ተራ ወሬ ሁሉ ልብ ይሰቅላል። እኛ አንድ ነገር እንጨምርበት። ፈንጂውን አውጥተን በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ሁለት የተቀያየሙ ወንድማማቾችን ብናስቀምጥ ያ ውጥረት ነው፤ ምንም የሚፈነዳ ነገር የለም፤ ግን እህል አይወርድም። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1936 በሠራው «ሳቦታጅ» በተሰኘው ፊልም አንድ ልጅ የያዘውን ሳያውቅ ፈንጂ ተሸክሞ በለንደን ይጓዛል፤ ተመልካቹ ሰዓቱን ያውቃል፤ ልጁ በመንገድ ይዘገያል፤ በመጨረሻ አውቶቡስ ውስጥ ይፈነዳበትና ይሞታል። ሂችኮክ ራሱ ይህን በኋላ እንደ ስሕተት ቈጠረው። ልቡን ሰቅሎ የቈየውን ተመልካች እንዲያ መጣሉ አልተወደደለትም።

እኛም በፊልም ሳይሆን በሰው ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርተናል። ከአካዳሚ በወጣን በሁለተኛው ዓመት፥ በሌላ ሰፈር ሳለን፥ አንድ ጠዋት ስንቅ ጭኖ የሄደ መኪና መገልበጡን የሚገልጽ አጭር መልእክት ደረሰን። ጕዳተኞች አሉ፤ ስማቸው ይከተላል ይላል። ወሬ ሾልኮ ሰፈሩን ሳያውክ ውጥረቱን እናርግብ ብለን ባሎቻቸው በመኪናው የሄዱትን ዐሥራ አንድ ሴቶች ሰበሰብንና «ጥቂት አደጋ ደርሷል፤ ዝርዝሩን ማታ እናሳውቃችኋለን፤ ተረጋጉ» አልናቸው። በትምህርት ያገኘነውን ዘዴ በትክክል የሠራንበት መስሎን ነበር። በስድስት ሰዓት የሦስት ጕዳተኞች ስም መጣ። ይረጋገጥ ብለን ሁለተኛ መልእክት ጠበቅን፤ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ስሙ በኪሳችን ዋለ። በዚያ ቀን በዚያ ረድፍ ጭስ የወጣበት ቤት አልነበረም።

ማታ ስሞቹ ተነበቡ። የሞተ የለም፤ ሦስቱም የተሰበሩት እጅና እግር ነበር። ሴቶቹ ሲበተኑ አንዲት በዕድሜ የገፉ የሃምሳ አለቃ ባለቤት ወደ ኋላ ቀሩና እንዲህ አሉን፦

«የመቶ አለቃ፥ ልጄ፥ መወጠሩንስ ለምደነዋል። ባላችን በወጣ ቍጥር ተወጥረን ነው የምናድር። አንተ ግን ጠዋት ሰቀልኸን። መልእክተኛው በስድስት ሰዓት ሲገባ በዐይኔ አይቻለሁ። ስምንታችንን ያን ጊዜ ማውረድ ትችል ነበር፤ የሦስቱም ሴቶች መድረሻቸውን አውቀው ያለቅሱ ነበር።»

መልስ አልነበረንም። «ይረጋገጥ ብለን ነው» ልንል ቃጥቶን ተውነው፤ እርሳቸውም አልጠበቁትም። ከዚያ ወዲህ ስም ሳንይዝ ሰው አንሰበስብም፤ ስም ከያዝንም ምሳ ሰዓት አናሳልፍም።

ወደ ክርክራችን እንመለስና፥ የአሥር አለቃው ባለቤት በፍርዱ ሳትረካ ቅዳሜ ዕለት መጽሐፉን ከክበቡ ተውሳ በሁለት ሌሊት ጨርሳዋለች። ባልዋ ሰብለ ወንጌል ትደርስ እንደሆነ ሲጠይቃት «ሐሙስ ትሰማለህ» ብላ ቡናዋን ትቀዳለች። እኛንም ተማጽኖን ነበር፤ አልነገርነውም።