የተዳፈነው እሳትና የሴንትራሊያ ነዋሪዎች

የድንጋይ ከሰል የእንፋሎት ሞተርን ያንቀሳቀሰ፣ ብረትን ያቀለጠ፣ የባቡር ሐዲድን ከአህጉር ጫፍ እስከ ጫፍ ያዘረጋ የኢንዱስትሪ ዘመን ጉልበት መሆኑ በሰፊው ተጽፏል። ከሰሉ ተቆፍሮ ካለቀ ወይም አላተርፍ ካለ በኋላ ግን በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ተሰብስቦ የኖረው ወዝአደር ምን ይደርስበታል የሚለው ጥያቄ የተነሣው ጥቂት ጊዜ ነው። ባለሀብቱ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ የሥራ መስክ ሲዛወር ሠራተኛው ቤቱን፣ የወላጆቹን መቃብርና ጉርብትናውን ተሸክሞ መሄድ አይችልም። ዛሬ የምንመለከተው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት የምትገኘውን ሴንትራሊያ የተባለች የማዕድን ከተማ ነው። ከሥሯ የተነሣው እሳት ከ1962 ጀምሮ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አካባቢው አንትራሳይት የሚባለው ጠንካራ፣ ጭሱ አነስተኛ፣ ሙቀቱ ከፍተኛ የሆነ የድንጋይ ከሰል መገኛ ነው። ሴንትራሊያ በ1866 የከተማነት መብት አግኝታ በ1890 ከ2,700 የሚበልጥ ሕዝብ ነበራት። ጉድጓድ የሚወርደው ሠራተኛ ከአየርላንድ፣ ከዌልስ፣ ከፖላንድ፣ ከዩክሬን አገሩን ጥሎ የመጣ ነበር። ሕፃናት ከሰሉ በሚሰበርበትና በሚጣራበት ሕንፃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከከሰሉ ሲለቅሙ ይውሉ ነበር። በዚሁ ክልል አቮንዴል በተባለው ስፍራ በ1869 ብቸኛው መውጫ በእሳት በመዘጋቱ 110 ሰዎች አልቀዋል። የሠራተኛውን ደኅንነት የሚመለከተው የክፍለ ግዛቱ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1870 ነው። በ1897 በላቲመር መሣሪያ ያልያዙ ሰልፈኛ ማዕድን ቆፋሪዎች ላይ ተተኩሶ 19 ሰዎች ሲገደሉ ተኳሾቹ በፍርድ ቤት ነፃ ወጥተዋል። የዚህ ሁሉ ሰው ጉልበት በ1917 የአንትራሳይቱን ምርት ወደ 100 ሚሊዮን ቶን አደረሰው። ከዚያ ወዲያ የነበረው ጉዞ ቁልቁል ነው።

በ1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በተንኮታኮተ ጊዜ የሴንትራሊያን ጉድጓዶች የያዘው ኩባንያ አምስቱን ዘጋቸው። ሥራ ያጣው ቆፋሪ በሌሊት ወደ ተዘጋው ዋሻ እየገባ ጣሪያውን ደግፈው እንዲይዙ የተተዉትን የከሰል ምሰሶዎች ራሳቸውን እየፈለጠ ያወጣ ጀመር። ይህን ሌብነት ብለው የጻፉ አሉ። ልጆቹ የሚበሉት ያጡ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲቆፍር ከኖረበት ጉድጓድ ጥቂት ጆንያ ከሰል ቢያወጣ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በሩን ቆልፎ የሄደው ክፍል ነው እንላለን። የሆነው ሆኖ ምሰሶ የሌለው ዋሻ ይናዳል፤ ተናደም። ከከተማይቱ በታች ያለው መሬት ስንጥቅና ቀዳዳ የበዛበት፣ አየር እንደ ልብ የሚመላለስበት ሆነ። በ1949 በወጣ የክፍለ ግዛት ሕግ መሠረት የከተማው ምክር ቤት በ1950 ከሥሩ ያለውን ከሰል ባለመብትነት አገኘ። ከጊዜ በኋላ ብዙ ጥርጣሬ የተነሣበት ይኸው መብት ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። በግንቦት 1962 ለጦርነት ሙታን መታሰቢያ ከሚከበረው በዓል በፊት ከተማውን ለማጽዳት ሲባል ቆሻሻ መጣያው እንዲቃጠል ተደረገ። መጣያው ቀድሞ ከላይ ተቆፍሮ ከሰሉ የወጣበት ጉድጓድ ነበር። ስለ መነሻው ሌላ የሚሉ ቢኖሩም፣ ብዙዎች የተቀበሉት ምክንያት በጉድጓዱ ውስጥ ሳይደፈን በቀረ ቀዳዳ በኩል እሳቱ ወደ ከሰሉ ንጣፍ ገባ የሚለው ነው። ላዩ በውሃ ጠፋ። ውስጡ አልጠፋም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን የአገራችን አንባቢ ከማንም በተሻለ ያውቃል። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል፤ ነበልባልም ጭስም አይታይም፤ ጧት አመዱ ሲገለጥ ፍሙ እንደ ቀላ ይገኛል። አየር ፈጽሞ ያልተከለከለው፣ ግን የተቆጠበለት እሳት ዕድሜው ረጅም ነው። ከምድር በታች ያለው የከሰል እሳትም የሚኖረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ድንጋዩ ሙቀቱን እንደ አመድ ይዞ ያቆይለታል፤ የተተዉት ዋሻዎች አየር ያቀብሉታል፤ መሬቱ በሞቀና በተሰነጠቀ ቁጥር አዲስ የአየር በር ይከፈትለታል። ውሃ ቢያፈሱበት ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ሽቅብ በተጋደመው ንጣፍ ላይ አይቆይም። የሚያጠፋው አስተማማኝ መንገድ ከእሳቱ ቀድሞ ሄዶ የሚነደውን ከሰል ከማይነደው ቆርጦ መለየት ነው። ለዚህም ፍጥነትና ገንዘብ ባንድ ጊዜ ያስፈልጋሉ።

የጎደሉት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። በ1962 በጋ ለመጀመሪያው ቁፋሮ የተመደበው 20,000 ዶላር ያህል ብቻ ሲሆን ሥራው የሚካሄደው በአዘቦት ቀን በአንድ ፈረቃ ነበር። እሳት ደግሞ የሥራ ሰዓት የለውም። ቆፋሪዎቹ ሲደርሱ እሳቱ አልፎ ይገኛል፤ የከፈቱት ጉድጓድም አየር ያስገባለት ነበር። ገንዘቡ በጥቅምት አለቀ። ሁለተኛው ሙከራ ዋሻውን በውሃ በተለወሰ የተፈጨ ድንጋይ መሙላት ሲሆን ክረምቱ በርትቶ ውሃው በረዶ ሆነ፤ በመጋቢት 1963 ይህም ገንዘብ አልቆ ቆመ። ከዚያ በኋላ የተደረጉትን ሙከራዎች አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልግም። ሁሉም እሳቱ ከሄደበት ርቀት ያነሰ ገንዘብ የተመደበላቸው ነበሩ።

ታኅሣሥ 1979 የከተማው የቤንዚን ማደያ ባለቤት ከመሬት በታች የተቀበረውን የነዳጅ ጋን ሲለካ ሙቀቱ 172 ፋራናይት፣ ማለትም 78 ሴንቲግሬድ ያህል ሆኖ አገኘው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ወደ መኖሪያ ቤቶች ምድር ቤት ይገባ ጀመር። በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃ አስገብቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለሚያውቅ አንባቢ የዚህን ትርጉም ማብራራት አያሻንም። በየቤቱ ጋዝ መለኪያ ተተከለ። ሰው ለመተኛት የመሣሪያ ፈቃድ የሚጠብቅበት ኑሮ ተጀመረ። በየካቲት 14 ቀን 1981 የ12 ዓመት ልጅ በአያቱ ግቢ ቆሞ ሳለ መሬቱ ከእግሩ ሥር ተሰረጎደ። የዛፍ ሥር ይዞ ተንጠለጠለ፤ የአጎቱ ልጅ ደርሶ ጎትቶ አወጣው። ጉድጓዱ 45 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው። በዕለቱ ባለሥልጣናት ከተማውን በመጎብኘት ላይ ነበሩና በ19 ዓመት ውስጥ ያልተሰማው የሕዝብ አቤቱታ በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ተሰማ።

የቀበሌና የመንደር ማኅበር አባላት የሆኑ አንባቢዎቻችን በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። አደጋው የመጣው ከሁሉም ቤት ሥር ቢሆንም በሁሉም ቤት እኩል አልታየም። ጋዙ የገባባቸው ቤተሰቦች «እንውጣ» ሲሉ፣ ከእሳቱ ራቅ ብለው የሚኖሩት «እሳቱ እኛ ዘንድ አይደርስም፣ ቤታችንን አንለቅም» አሉ። ጎረቤት ከጎረቤት ተኳረፈ። ባለሥልጣናት ሊያስወጡን የሚፈልጉት ከሥራችን ያለውን ከሰል ለመውሰድ ነው የሚል እምነትም ተስፋፋ፤ ከተማው ከፈረሰ ምክር ቤቱ በ1950 ያገኘው መብት አብሮ ይፈርሳልና። ይህ ጥርጣሬ በማስረጃ አልተረጋገጠም። ነገር ግን መቶ ዓመት ሙሉ በከሰል ኩባንያ ሲታለል የኖረ ሕዝብ እንዲህ ብሎ ቢጠረጥር ከየት አመጣኸው ሊባል አይቻልም። በ1983 አንድ የመንግሥት ጥናት እሳቱን ሙሉ በሙሉ ቆፍሮ ለማጥፋት እስከ 660 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠይቅ ገለጸ። በነሐሴ ወር በተሰጠው ድምፅ 345 ነዋሪዎች መልቀቅን ሲደግፉ 200 ተቃወሙ። በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት ነዋሪዎችን ለማዛወር 42 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በ20,000 ዶላር የተጀመረ ሥራ የደረሰበትን ስሌት አንባቢ ራሱ ያስላ።

ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? በ1977 በወጣው ሕግ ከሚቆፈረው እያንዳንዱ ቶን ከሰል ላይ፣ ከላይ ከተቆፈረ 35 ሳንቲም፣ ከምድር በታች ከሆነ 15 ሳንቲም ለተተዉ ጉድጓዶች ማደሻ እንዲከፈል ተደነገገ። ይህ መልካም ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ሴንትራሊያን ቆፍረው የሄዱት ከመውጣታቸው በፊት እንዲህ ያለ መዋጮ የሚያስከፍላቸው አልነበረም። የቀድሞውን ትርፍ የበላ አንድ፣ ዕዳውን የሚከፍል ሌላ ሆነ።

ጉዳዩ የግል ኩባንያዎች ብቻ ነው ብሎ የሚደመድም አንባቢ ቢኖር ወደ ህንድ፣ ወደ ጃሪያ እንውሰደው። በዚያ ብረት ለማቅለጥ የሚያገለግል ምርጥ ከሰል በሚገኝበት ምድር የመጀመሪያው እሳት የተመዘገበው በ1916፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በግል ባለቤቶች እጅ ሳለ ነው። የህንድ መንግሥት ጉድጓዶቹን ከ1971 እስከ 1973 ወረሰ። ባለቤትነቱ ተለወጠ፤ እሳቱ ግን አልጠፋም፤ ከላይ የሚካሄደው ቁፋሮም ሰፋ። ነዋሪዎችን ቤልጋሪያ ወደሚባል ሰፈር የማዛወሩ ሰፊ ዕቅድ የጸደቀው በ2009 ሲሆን፣ ብዙ ቤተሰብ እንጀራው ከከሰሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጭሱ ርቆ መራብን አልመረጠም። የሰነዱ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ በየዓመቱ የሚጠየቀው «ስንት ቶን ወጣ?» ብቻ ከሆነና «ከሥሩ ምን ቀረ?» የሚል ጠያቂ ከሌለ፣ ለጉድጓዱ አፍ ነዋሪ የሚደርሰው አንድ ዓይነት ነው።

የሴንትራሊያ ሕዝብ በ1980 ከ1,000 በላይ ነበር፤ በ1990 63፣ በ2020 5 ሆነ። ከ500 የሚበልጡ ሕንፃዎች ፈርሰዋል። የክፍለ ግዛቱ ገዥ በ1992 የቀሩትን ቤቶች በሕግ ኃይል ወረሰ፤ በ2002 የፖስታ መለያ ቁጥሯ ተሰረዘ። በኮረብታው ላይ በ1911 የተሠራው የዩክሬን ካቶሊኮች የእመቤታችን ፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሥሩ ከሰል ሳይሆን ጽኑ ድንጋይ ስለተገኘ አልፈረሰም፤ ወደ ሌላ ከተማ የተበተኑት ልጆቿ እየመጡ ይሳለሙታል። እንሂድ ያላሉት ጥቂት ሽማግሎች ለዓመታት ተከራክረው በ2013 በስምምነት ገንዘብ ተከፍሏቸው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በቤታቸው እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው፤ ቤቱን ግን ማውረስም መሸጥም አይችሉም። የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት አሁን እሳቱን የሚከታተለው ሙቀቱንና ጋዙን በመለካት ነው፤ ገና ከ100 ዓመት በላይ ሊነድ እንደሚችልም ገልጿል።