ወሸባ፦ ሙቀት በቆዳና በነርቭ ላይ

በጎንደር ፋሲል ግቢ ከሚገኙት ጥንታዊ ሕንፃዎች አንዱ «ወሸባ» በመባል የሚታወቀው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነው። ወሸባ የቤቱ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን የሕክምናውም ስም ነው፤ ቀድሞ ቂጥኝ የያዘው ሰው መድኃኒት እየወሰደ ከሰው ተለይቶ ሲቀመጥ «ወሸባ ገባ» ይባል ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ ሰው ለይቶ ማቆየት «ውሸባ» የተባለውም ከዚሁ ቃል ነው። ቻይናውያን ደግሞ «ሞክሳ» በሚባለው ሕክምናቸው ደርቆ የተወቀጠ ቅጠል አጭሰው ወደ ቆዳ ያስጠጋሉ፤ ቅጠሉም የደጋው ሰው በየጓሮው የሚያውቀው የአሪቲ ዘመድ ነው። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ የሁለቱም ሙቀት የሚሠራው በቆዳ በኩል ነው።

በደባርቅ ብርድ ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል የተቀቀለበትን ድስት ከፊቱ አስቀምጦ፣ ጋቢ ተከናንቦ ሲታጠን፣ ፊቱ ወዲያው ይቀላል። በእረፍት ጊዜ የቆዳ ሙቀት 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑ 37 ከሆነው ከውስጠኛው አካል ያንሳል፤ እንፋሎቱ ሲነካው የነርቭ ጫፎች ሙቀቱን አውቀው ሁለት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው እዚያው የሚፈጸም ነው፤ ነርቮቹ ራሳቸው በሚለቁት ኬሚካል አጠገባቸው ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያሰፋሉ፤ ቆየት ሲል ደግሞ የደም ሥሩ ግድግዳ የሚያመነጨው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሥራውን ይረከባል። ሁለተኛው፣ መልእክቱ የሰውነትን ሙቀት ወደሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ ወደተባለው የአንጎል ክፍል ደርሶ፣ ላብ እንዲወጣና ደም ወደ ቆዳ እንዲጎርፍ ትእዛዝ እንዲተላለፍ ያደርጋል። በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ግማሽ ሊትር የማይሞላው የቆዳ ደም በከባድ ሙቀት ከ6 እስከ 8 ሊትር ሊደርስ ስለሚችል ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ታጥኖ ድንገት ብድግ ያለን ሰው የሚያዞረው ደሙ ወደ ቆዳ በመጉረፉ ነው።

ሙቀቱ 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ምቾቱ ወደ ሕመም ይለወጣል። ይህን ወሰን የሚጠብቀው በነርቭ ጫፍ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ የበርበሬንም ማቃጠል የሚያውቀው እሱ ሲሆን፣ ተመራማሪው ዴቪድ ጁሊየስ ይህን ፕሮቲን በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ወደ ወሸባ ስንመለስ፣ ቂጥኝን በሙቀት ማከም ከንቱ ሐሳብ አልነበረም፤ የበሽታው ባክቴሪያ ሙቀት አይችልም። ኦስትሪያዊው ሐኪም ዋግነር ያውሬግ ቂጥኝ አንጎላቸውን የጎዳባቸውን ሕሙማን ወባ አስይዞ በትኩሳት በማከሙ እ.ኤ.አ. በ1927 ኖቤል ተሸልሟል፤ ወባው ራሱ ይገድል ነበርና ፔኒሲሊን ሲመጣ ሕክምናው ቀረ። የቂጥኝ ቁስል ሳይታከምም ጠፍቶ በሽታው ውስጥ ስለሚደበቅ፣ ከወሸባ የወጣው ሰው «ዳንሁ» ማለቱ ሊያስገርም አይገባም።

ዛሬ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው የስኳር ሕመም የእግር ነርቭ ያደነዘዘበት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው እግሩን ከምድጃ አስጠግቶ ወይም በፍል ውኃ ዘፍዝፎ ሲቀመጥ፣ «በቃ» የሚለው ነርቭ ዝም ስላለ፣ ቆዳው እየተቃጠለ አይሰማውም፤ ስለዚህ ውኃውን እግሩ ሳይነካው በፊት ጤነኛ የቤተሰብ አባል ክርኑን ነክሮ ይለካለት ዘንድ ያስፈልጋል።