ፍሪትዝ ባወር፤ ከስደት የተመለሰው የሕግ ሰው

ከቦርንሃይም ሚተ በኡ-4 ባቡር ተሳፍሮ ዶም/ሮመር ላይ የወረደ ሰው የፍራንክፈርትን አሮጌ ማዘጋጃ ቤት ያገኛል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1963 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአውሽቪትዝ የሞት ካምፕ ይሠሩ የነበሩ 22 ሰዎች ችሎት ፊት የቀረቡት እዚህ ነው። ክሱ እንዲመሠረት የታገሉት የሄሰን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፍሪትዝ ባወር ነበሩ።

ባወር በ1903 ሽቱትጋርት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በ1930 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ ዳኛ ሆኑ። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ሆይበርግ ካምፕ ታሰሩ። ከዚያ ስደት ሆነ፤ ዴንማርክ፣ ቀጥሎም ስዊድን። በ1949 ሲመለሱ ብዙዎቹ የሂትለር ዘመን ዳኞች አሁንም ችሎት ላይ ነበሩ። የአይሁድን ጭፍጨፋ ካደራጁት ናዚዎች አንዱ የሆነው አዶልፍ አይክማን አርጀንቲና እንደተደበቀ በ1957 ጥቆማ ሲደርሳቸው ለጀርመን ፖሊስ ያልነገሩት ለዚህ ነው። ወሬው ሾልኮ እንዳያመልጥ ሰግተው በምስጢር ለእስራኤል አስተላለፉ፤ አይክማን በ1960 ተያዘ።

በፍራንክፈርቱ ችሎት ከ350 በላይ ምስክሮች ተሰሙ። ጀርመን ዘር ማጥፋትን በሕጓ ያስገባችው ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነና ሕግ ወደ ኋላ ስለማይሠራ፣ በዐቃቤ ሕጎቹ እጅ የነበረው የተለመደው የግድያ አንቀጽ ብቻ ነው። ባወር፣ «ካምፑ በሙሉ አንድ የግድያ ሥራ ነው፤ እያወቀ ያገለገለ ሁሉ ይጠየቃል» ባይ ነበሩ። ችሎቱ ግን የእያንዳንዱ ተከሳሽ ድርጊት ለብቻው እንዲረጋገጥ ፈለገ። በነሐሴ 1965 ስድስቱ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ሦስቱ ነፃ ወጡ። እኔ ከባወር ጋር ነኝ። መዝጋቢው፣ አጓጓዡና በር ጠባቂው ባይኖሩ ያን ያህል ሕዝብ ማለቅ አይችልም ነበር። የሙኒክ ፍርድ ቤት በ2011 በካምፕ ጠባቂው ጆን ዴምያንዩክ ላይ ሲፈርድ ወደዚሁ ሐሳብ መጥቷል።

ቀይ ሽብርን ላሳለፍን ለእኛ ይህ ክርክር ባዕድ አይደለም። የ1957ቱ የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም እንደ ዘር ማጥፋት ይቆጥር ስለነበር፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ባወር ያጡትን አንቀጽ ይዞ ነው ደርግን የከሰሰው። በ1994 የተጀመረው ችሎት ግን ጥፋተኝነትን የወሰነው በ2006 ነው፤ ያውም ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት።

ባወር በ1968 ፍራንክፈርት ውስጥ ዐረፉ። የምስክሮቹ ቃል በድምፅ ተቀርጿል፤ በስማቸው የተቋቋመው የፍሪትዝ ባወር ተቋምም በኢንተርኔት አውጥቶታል። ጀርመንኛ የምትሰሙ የቦርንሃይም ወገኖቼ፣ አዳምጡት፤ ለአቅመ ማስተዋል የደረሱ ልጆቻችሁንም አስደምጡ።