«ፊተኛ» ስለሚለው ቃል

የተራ ቍጥር ስም ከመቍጠሪያው ይወጣል፤ ይኸውም በአማርኛ «ሁለት» «ሁለተኛ» እንደሚሆን፣ በኦሮምኛም «ለመ» «ለመፋ» ይሆናል። ፊተኛው ግን ለዚህ ደንብ ሁልጊዜ አይገዛም። ኦሮምኛ «ቶኮፋ» የሚለው ቃል ሳለው «ዱራ»ም ይላል፤ ትርጓሜው በፊት፣ ከፊት ማለት ነው። የበኵር ልጅም «አንገፈ» ይባላል እንጂ በቍጥር አይጠራም። ግእዝም «ቀዳማዊ»ን ያወጣው «ቀደመ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ከ«አሐዱ» አይደለም።

ቅዳሜ በሳምንቱ ቍጥር ሰባተኛ ሆና ሳለ ፊተኛ መባሏ ስለዚህ ነው፤ እሑድን የምትቀድም ሰንበት፣ ቀዳሚት ሰንበት ናትና። በሲሬና በቀረው ወለጋ የሚነገረው ኦሮምኛም ይህችኑ ቀን «ሰንበተ ዱራ» ይላታል። «ሰንበተ» የተዋሰው ቃል ነው፤ «ዱራ» ግን የገዛ ራሱ ነው። እንግዲህ ኦሮምኛ ከጎረቤቱ የቀኒቱን ስም በከፊል ወስዶ፣ ተራዋን የሚያመለክተውን ክፍል በራሱ ቃል የተረጐመው ይመስለኛል።